ውሃ የሌለበት ጽዋ

«ያልጠረጠረ ተመነጠረ» ይላሉ አበው። በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት፣ በዳግማዊት ከተማ ሦስተኛ ቀጠና፣ ይህን አባባል እንደ ሥራ ደንብ ይዞ የኖረ አንድ ቤት ነበረ። ማለዳ ቅመማ ቤት ይባላል። በዚያ ቤት መጠርጠር ጠባይ ሳይሆን ሙያ ነበር።

የቀጠናው ነዋሪ አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ነው። እያንዳንዱ ነዋሪ ከጧቱ አንድ ሰዓት ሲሆን በወጥ ቤቱ ግድግዳ ላይ ካለችው ትንሽ መስኮት ፊት ይቆማል። ደወል ሲደወል መስኮቷ ትከፈታለች፤ ጽዋ ይወጣል። በጽዋው ውስጥ ለዚያ ሰው፣ ለዚያ ቀን ብቻ የተቀመመ መድኃኒት አለ፤ ለደም ግፊቱ፣ ለስኳሩ፣ ለአጥንቱ፣ ለእንቅልፉ። ይጠጣል፤ ጽዋውን ይመልሳል፤ ወደ ሥራው ይሄዳል። በሩብ ሰዓት ውስጥ ያልጠጣ ሰው ስሙ በኮሪደሩ ውስጥ፣ ትሕትና ባልተለየው ድምፅ፣ ይጠራል። ክኒን የሚባለውን ነገር የሚያስታውሱ ሽማግሌዎች ብቻ ናቸው።

አቶ ላቀው ድንበሩ በዚህ ቤት የአለመኖር መርማሪ ነበሩ። ዕድሜያቸው ሃምሳ ስምንት ነው። ሌሎች ሠራተኞች በጽዋው ውስጥ መኖር የሚገባው መኖሩን ያረጋግጣሉ፤ የእርሳቸው ድርሻ መኖር የማይገባው አለመኖሩን የሚፈትሹ መስመሮችን ለፕሮግራሙ መጻፍ ነው። የአንዱ ነዋሪ ሰውነት ሰሊጥ አይቀበልም፤ የሌላዋ ፔኒሲሊን አይቀበልም። አቶ ላቀውም «በዚህ ጽዋ የይዘት ዝርዝር ውስጥ ሰሊጥ አይገኝም» ብለው ይጽፋሉ። ቅመማው ንጋት ላይ፣ በአሥራ ሁለት ሰዓት ሲጠናቀቅ፣ ፕሮግራሙ የእያንዳንዱን ጽዋ ዝርዝር እየገለጠ መስመሩን ይፈትናል። ሰሊጥ ካላገኘ መስመሩ አረንጓዴ ይሆናል። ካገኘ ይቀላል፤ ጽዋውም ይታገዳል። እንዲህ ያለ መስመር በቤቱ ውስጥ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ነበረ።

አቶ ላቀው ይህን ሙያ የተማሩት በቅጣት ነው። በሥራቸው ሁለተኛ ዓመት፣ ሁለት ነገር ለተከለከለ አንድ አናጢ ሁለቱንም ክልክል በአንድ መስመር ጽፈው ነበር። ፕሮግራሙም መስመሩን የሚያቀላው ሁለቱን በአንድነት ሲያገኝ ብቻ ሆነ። በጽዋው ውስጥ የገባው አንዱ ብቻ ስለ ነበር መስመሩ አረንጓዴ ሆኖ አለፈ። አናጢው ዐይኑን የገለጠው ከሦስት ቀን በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ አቶ ላቀው ለእያንዳንዱ ክልክል የየራሱን መስመር ይጽፋሉ፤ አናጢውንም በየዓመቱ ለእንቁጣጣሽ ሄደው ይጠይቃሉ።

በቤቱ የቆየ አንድ ልማድም ነበረ፤ የውሃ ጥያቄ ይባላል። በየማለዳው፣ ከሁሉም መስመሮች በፊት፣ «በዚህ ጽዋ ውስጥ ውሃ አይገኝም» የሚል መስመር ይፈተናል። ውሃ የሌለበት ጽዋ ስለሌለ መስመሩ መቅላት ግዴታው ነው፤ በዚህ መስመር ግን ጽዋ አይታገድም። ሲቀላ መርማሪው ፕሮግራሙ በእርግጥ ጽዋውን እያየ መሆኑን ያውቃል፤ ከዚያ በኋላ ብቻ የቀሩትን አረንጓዴዎች ያምናል። ከሦስት ዓመት በፊት ዋናው መሥሪያ ቤት ይህን ልማድ አስቀረው። ቅመማ ቤቶች የሚመዘኑት በአረንጓዴ ብዛት ስለሆነ፣ በየቀኑ አንድ ቀይ የሚያስመዘግብ ቤት ከመቶ መቶ ሊያገኝ አይችልም ነበር። አቶ ላቀው ተቃውሟቸውን በአንድ ገጽ አቀረቡ። መልስ አልመጣም። ትእዛዙን ፈጸሙ።

ግንቦት ዘጠኝ ቀን፣ እሑድ፣ ቤቱ ዕቃውንም መዝገቡንም አዛወረ። የጽዋዎቹ የይዘት ዝርዝር ከአሮጌው የመረጃ ቋት ወደ አዲሱ ተሸጋገረ። ዱቄቶቹን የሚያጣብቀው ዘይትም ተለወጠ፤ እስከዚያ ቀን የተልባ ዘይት ነበር፤ ከሰኞ ጀምሮ የኑግ ሆነ። ኑግ ለተከለከሉ ሰዎች ማሽኑ ከተረፈው የተልባ ዘይት እንዲጠቀም ታዘዘ። የለውጡ ሰነድ ለፊርማ ወደ አቶ ላቀው ሲቀርብ አንድ ጊዜ አንብበው ፈረሙ። ማሽኑ ቢሳሳት መስመራቸው እንደሚይዘው ያውቁ ነበርና።

የአቶ ላቀው ባለቤት ወይዘሮ እልፍነሽ ኑግ ክልክላቸው ነው። በልጅነታቸው በአንድ ሠርግ ላይ ኑግ የነካው ወጥ ቀምሰው ጉሮሯቸው ተዘግቶ ነበር። ዳግመኛ ቢቀምሱ እንደማይተርፉ ሐኪም በጽሑፍ አረጋግጧል።

ሰኞ ማለዳ ፈተናው በአሥራ ሁለት ሰዓት ተጀመረ፤ በአራት ደቂቃም አለቀ። ሁሉም አረንጓዴ ነበር። በአሥራ ሁለት ሰዓት ከሃያ፣ እንደ ወትሮው፣ ወይዘሮ እልፍነሽ ደወሉ።

«ላቀው፣ ዛሬስ ምን የለብኝም?»

«ኑግ የለብሽም።»

«ሌላስ?»

«ትዕግሥት።»

«እሱንማ ከተጋባን ጀምሮ አንተው ጨረስከው» አሉና ስቀው ስልኩን ዘጉ።

ከአሥራ ሁለት ተኩል እስከ አንድ ሰዓት ያለው ጊዜ በቅመማ ቤቱ የማኅተም ጊዜ ይባላል። በሩ ይቆለፋል፤ የውጭ የስልክ መስመሮች ሁሉ ይቋረጣሉ። ደንቡ የወጣው ማንም ሠራተኛ ለወገኑ አስቀድሞ ወሬ እንዳያደርስ ነው። የዚያን ቀን በሩ በተቆለፈ በአንድ ደቂቃው ሐሺም የተባለው የመኖር መርማሪ፣ በአጠገባቸው የሚሠራ የአርባ ዓመት ሰው፣ ወንበሩን ወደ አቶ ላቀው አዞረ።

«ጋሽ ላቀው፣ እንኳን ደስ አለዎት። በአራት ደቂቃ!»

«ሃያ ስድስት ደቂቃ ነበር የሚፈጀው።»

«ታዲያ ፈጠነ ተብሎ ይከሰሳል እንዴ? አዲስ ቋት ነዋ! እኛ ትናንት ቀኑን ሙሉ ቀይ ስናጠፋ ዋልን። ፕሮግራማችንን ወደ አዲሱ ቋት እስክናዞር ድረስ ‹መድኃኒቱ የለም፣ መድኃኒቱ የለም› እያለ አሳበደን። የእናንተ ክፍል ግን አንዲት መስመር እንኳ አልቀላባችሁም። የታደላችሁ!»

አቶ ላቀው መነጽራቸውን አወለቁ።

«የእኛን ማን አዞረው?»

«ምኑን?»

«የእኛን ፕሮግራም ወደ አዲሱ ቋት ማን አዞረው?»

ሐሺም ትከሻውን ሰበቀ። «ካልቀላ ማን ይነካዋል?»

አቶ ላቀው መነጽራቸውን መልሰው አጠለቁ፤ ሦስት ዓመት ያልጻፉትን መስመር ጻፉ፦ በዚህ ጽዋ ውስጥ ውሃ አይገኝም። ለአራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ጽዋዎች ሁሉ እንዲፈተን አዘዙ።

መስመሩ አረንጓዴ ሆነ።

ሐሺም አንገቱን አስግጎ አየ። «ውሃ ከሌለበት በምን በጠበጡት?»

«ጽዋውን አላየውም» አሉ አቶ ላቀው። «ባዶ መዝገብ ነው የምንጠይቀው።»

አሥራ ሁለት ሰዓት ከሠላሳ አራት ሆኗል። ለባለቤታቸው «ኑግ የለብሽም» ካሉ አሥራ አራት ደቂቃ አለፈ። መሳቢያቸው ውስጥ የእጅ ማኅተም አለ፤ እያንዳንዱ መርማሪ ማንንም ሳያስፈቅድ በቀን አንድ ጽዋ እንዲያግድበት የተሰጠው ነው። ለዘመድ ግን አይሠራበትም። አቶ ላቀው መሳቢያውን ከፈቱ፤ ማኅተሙን አዩት፤ ኑግ የተከለከሉት ሰዎች በቀጠናው ስንት እንደሆኑ ለማስታወስ ሞከሩ፤ ቁጥሩ አልመጣላቸውም። መሳቢያውን ዘግተው ወደ ኃላፊዋ ክፍል ሄዱ።

የቤቱ ኃላፊ ወይዘሮ ሰናይት የልብ ሕሙማንን ዝርዝር ፊታቸው ዘርግተው ተቀምጠው ነበር።

«በየትኛው ጽዋ ምን አገኙ?» አሉ፣ የአቶ ላቀውን ፊት ሲያዩ።

«በየትኛውም ምንም አላገኘሁም። የመጣሁትም ስለዚህ ነው።»

«አቶ ላቀው፣ ደወሉ ሊደወል ሃያ ሦስት ደቂቃ ቀርቶታል። እንቆቅልሽ አይንገሩኝ።»

«የአለመኖር ፕሮግራማችን የሚያነበው አሮጌውን ቋት ነው። አሮጌው ቋት ትናንት ባዶ ተደርጓል። ባዶ ዝርዝር የፈለጉትን ቢጠይቁት የለም ይላል። እየዋሸም አይደለም።»

ወይዘሮ ሰናይት የሕሙማኑን ዝርዝር ወደ ጎን ገፉ። «ቅመማው ግን ትክክል ሊሆን ይችላል።»

«ሊሆን ይችላል።»

«በጽዋው ውስጥ ክልክል ነገር አለ ይበሉኝና አሁኑኑ ላስቁመው።»

«አለ ለማለት ማስረጃ የለኝም። የለም ለማለትም የለኝም። ዛሬ ማለዳ አንድ ሚሊዮን ጊዜ የለም ብለናል፤ አንዱንም አላየነውም።»

«አራት ሺህ የልብ ሕሙማን አሉብኝ። ከአንድ ሰዓት ተኩል ቢያልፍባቸው ምን እንደሚሆኑ እኔ ልንገርዎት? ስለ ጥርጣሬ ብዬ እነርሱን ላስጠብቅ?» ድምፃቸው ከፍ አለ። ከዚያ ዝቅ አድርገው ጠየቁ። «በቀጠናው ውስጥ ቤተሰብ አለዎት?»

«ባለቤቴ። ኑግ ክልክሏ ነው።»

«እንግዲያው የሚናገረው ፍርሃትዎ ነው።»

«ሊሆን ይችላል። ስለዚህ እኔን አይመኑኝ። ራስዎ ይጠይቁት።»

ወይዘሮ ሰናይት ኮምፒዩተራቸውን ወደ ራሳቸው ሳቡ። የራሳቸውን ጽዋ ቁጥር አስገቡ። «ውሃ አይገኝም» ብለው ጻፉ፤ አረንጓዴ። ዘጠኝ ዓመት ሳያቋርጡ የጠጡትን የደም ግፊት መድኃኒት ስም ጽፈው «አይገኝም» አሉት፤ አረንጓዴ። ትንሽ አሰቡና አንድ በአንድ ጨመሩ፤ ስኳር አይገኝም፣ ጨው አይገኝም፣ ዘይት አይገኝም። ስክሪኑ ከላይ እስከ ታች እንደ ክረምት ሜዳ ለመለመ።

«ታዲያ በጽዋዬ ውስጥ ያለው ምንድን ነው?»

«አላወቅንም» አሉ አቶ ላቀው።

ደወሉን ማስቆም የኃላፊው ብቻ ሥልጣን ነው። በቤቱ ታሪክ አንድ ጊዜ ብቻ ተደርጓል፤ ያደረጉትም ኃላፊ በወሩ ወደ ጠረፍ መጋዘን ተዛውረዋል። ወይዘሮ ሰናይት ይህን ያውቃሉ። አሥራ ሁለት ሰዓት ከሃምሳ አንድ ላይ ደወሉን አስቆሙ።

«የልብ ሕሙማኑን ያስቀድሙልኝ» አሉ። «አሁን ይሂዱ፤ ይሩጡ።»

አቶ ላቀው በቤቱ ኮሪደር ሲሮጡ የታዩት በዚያ ቀን ነው።

በአንድ ሰዓት ላይ በሦስተኛው ቀጠና አንድም መስኮት አልተከፈተም። በእያንዳንዱ መስኮት ላይ ቢጫ መብራት በራ። ሰዎች በነጠላ ጫማ ወደ ኮሪደር ወጡ። አቶ ላቀው በሚኖሩበት ሕንፃ አራተኛ ፎቅ አንድ ጡረተኛ «መስኮቱ ጾም ያዘ እንዴ?» ብለው ጠየቁ፤ ጎረቤታቸውም «ከያዘማ እስከ ዘጠኝ ሰዓት መቆማችን ነው» ብለው መለሱላቸው። ወይዘሮ እልፍነሽ ግን ከመስኮታቸው አልራቁም። ሕንፃው በኋላ ባወጣው መዝገብ ላይ ያሉት ቃል ተጽፏል።

«እኔ ኑግ እንደሌለብኝ ባለቤቴ ማለዳ ነግሮኛል። እዚያው ቤት ነው የሚሠራው። የኔን ብቻ ክፈቱልኝ።»

«ወይዘሮ እልፍነሽ፣ በትዕግሥት ይጠብቁ» አለ ስም የሚጠራው ድምፅ።

«ትዕግሥት እንደሌለብኝም ነግሮኛል።»

«በትዕግሥት ይጠብቁ» አለ ድምፁ፣ በዚያው ትሕትና።

በቅመማ ቤቱ አቶ ላቀውና ሐሺም ጎን ለጎን ተቀምጠው የአለመኖር ፕሮግራሙን ወደ አዲሱ ቋት አዞሩ። ሐሺም መንገዱን ትናንት ስለ ተማረው ነገሩ በአሥራ ሰባት ደቂቃ አለቀ። አቶ ላቀው መጀመሪያ የፈተኑት የውሃውን መስመር ነው። አንድ ሰዓት ከስምንት ላይ ቀላ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ሺህ ጽዋ፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ ቀይ።

«አልሐምዱሊላህ» አለ ሐሺም። በቀይ ስክሪን ፊት እንዲህ ያለ ቃል በዚያ ቤት ተሰምቶ አያውቅም።

የአራቱ ሺህ የልብ ሕሙማን ጽዋ ቅድሚያ አገኘ። ሦስት ጽዋዎች ቀልተው ታገዱ፤ ነርሶች ወደ ሦስቱ ቤቶች በእጅ መድኃኒት ይዘው ተላኩ። የቀሩት የሕሙማኑ መስኮቶች አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ተከፈቱ። ከዚያ የቀረው ሕዝብ ተከተለ። ፕሮግራሙ እያንዳንዱን ዝርዝር በእርግጥ እያነበበ ስለ ነበር በዝግታ ሄደ። አቶ ላቀው በዚያ ሁሉ ጊዜ ወደ ሰዓቱ አላዩም፤ እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ አኑረው ስክሪኑን ብቻ አዩ።

አንድ ሰዓት ከሠላሳ ስምንት ላይ ፈተናው ተጠናቀቀ። ስልሳ አንድ መስመር ቀልቷል። ስልሳ አንዱም አንድ ነገር ይላሉ፦ ኑግ ተገኝቷል። በኋላ እንደ ታወቀው የተልባው ዘይት ቧንቧ በዝውውሩ ጊዜ አልተገጠመም ነበር፤ ማሽኑም በእጁ ባለው ዘይት ሁሉንም ቀምሟል።

አቶ ላቀው ስሞቹን ከላይ ጀምረው አንድ በአንድ አነበቡ። ሠላሳ አራተኛው መስመር ላይ ጣታቸው ቆመ። ጥቂት ቆየ። ከዚያ ወደ ሠላሳ አምስተኛው አለፈ፤ እስከ ስልሳ አንደኛውም ወረደ።

«ሁሉም ታግደዋል?»

«ሁሉም» አለ ሐሺም። የሠላሳ አራተኛውን ስም እርሱም አይቶታል።

«ደግመህ ቁጠር።»

ሐሺም ቆጠረ። «ስልሳ አንድ የቀላ፣ ስልሳ አንድ የታገደ። ጋሽ ላቀው፣ በአላህ ይዤዎታለሁ፣ ይቀመጡ።»

አቶ ላቀው መቆማቸውን ያወቁት ያን ጊዜ ነው። ተቀመጡ። ሐሺም ውሃ ቀዳላቸው፤ ብርጭቆውን በሁለት እጃቸው ይዘው ጠጡት፤ ሌላ ለመኑ፤ እሱንም ጠጡት። ከዚያ ፊታቸውን በመሐረባቸው ሸፍነው ለረጅም ጊዜ ተነፈሱ። ወይዘሮ ሰናይት በሩ ላይ ቆመው ያዩ ነበር።

«አባቶቻችን ያልጠረጠረ ተመነጠረ አሉ» አሉ ኃላፊዋ። «እኛ ግን ሥራችን መጠርጠር ነበር። እንዴት ደረሰብን?»

አቶ ላቀው መሐረባቸውን አጠፉ። «ጽዋውን ሁሉ ጠርጥረናል። ጥርጣሬያችንን ግን አምነን ቁጭ አልን። ምንም ያልጠረጠረ ሰው እንኳ ቢያንስ አሽትቶ ይጠጣ ነበር።»

የውጭ መስመሮች ሲከፈቱ መጀመሪያ የገባው ጥሪ የወይዘሮ እልፍነሽ ነበር።

«ምን ጉድ ነው? የሁሉም ተከፈተ፤ የኔ ቀይ አበራ! የናንተ ድምፅ ደግሞ ትዕግሥት፣ ትዕግሥት ይለኛል።»

«እልፌ፣ ማለዳ ኑግ የለብሽም ያልኩሽ ሳላውቅ ነው።»



«ነበረብኝ?»

«ነበረብሽ።»

በስልኩ ውስጥ የኮሪደሩ ጫጫታ፣ የጎረቤት ሳቅ፣ የሚመለሱ ጽዋዎች ድምፅ ይሰማ ነበር።

«ክፈቱልኝ ብዬ ስጮህ ነበር እኮ» አሉ በመጨረሻ። ድምፃቸው ቀጠነ። «ላቀው፣ ስጮህ ነበር።»

«እንኳን አልከፈቱልሽ።»

«እንኳን።» ከዚያ ሳቃቸው መጣ፤ መጀመሪያ ከእንባ ጋር፣ በኋላ ብቻውን። «በል አሁን ና። ቁርስ ሳልበላ በረሃብ አትግደለኝ።»

አቶ ላቀው በሃያ ሁለት ዓመት አገልግሎታቸው ለመጀመሪያ ጊዜ ፈቃድ ጠይቀው ከሦስት ሰዓት በፊት ወደ ቤታቸው ሄዱ። ከዚያ በፊት ግን በቆሙበት አንድ ገጽ ጻፉ፤ የውሃ ጥያቄ በቋሚነት እንዲመለስ የሚጠይቅ ነው። ወይዘሮ ሰናይት ከሥሩ ፈረሙ፤ ሐሺምም ሳይጠየቅ ፈረመ። ዋናው መሥሪያ ቤት በአርባ ቀኑ ተስማማ፤ በዚያ ዓመት ምዘና ቤቱ ከከተማው ቅመማ ቤቶች ሁሉ የመጨረሻውን ደረጃ አገኘ። ወይዘሮ ሰናይት ወደ የትም አልተዛወሩም።

በሁለት ሺህ ዘጠና አንድ ዓመተ ምሕረት በሦስተኛው ቀጠና የሟቾች መዝገብ ውስጥ ከስልሳ አንዱ ሰዎች የአንዱም ስም አይገኝም። መዝገቡ ባዶ አይደለም፤ ሁለት ሺህ ሦስት መቶ አሥራ ሰባት ስም ይዟል።